ዲኤንኤ ወደ ባክቴሪያ ለማስገባት የቱን መንገድ እንምረጥ? ከአዲስ አበባ ዳር ላሉ ላቦች የተጻፈ ንጽጽር

ከቂሊንጦም፣ ከሰበታም፣ ከሆለታም አካባቢ ከሚሠሩ ተማሪዎችና መምህራን የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። "ባክቴሪያ ውስጥ ዲኤንኤ ለማስገባት የቱ ዘዴ ይሻላል?" መልሱን ቶሎ ልስጣችሁ። በጥቅሉ የሚሻል የለም፤ ለእናንተ ሥራ የሚሻል ግን አለ። እሱን ለማግኘት መጀመሪያ ራሳችሁን ሌላ ነገር ጠይቁ፦ ዲኤንኤው ከገባ በኋላ የት እንዲኖር ነው የምትፈልጉት? ቃሊቲ መናኸሪያ ገብቶ መድረሻውን ሳይወስን አውቶብስ የሚመርጥ ሰው የለም።

ይህን አጥብቄ የምለው አብዛኛው ሰው ዘዴ የሚመርጠው የኮሎኒ፣ ማለትም ከአንድ ሴል ተባዝቶ በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምር፣ ቁጥር አይቶ ስለሆነ ነው። ይኼኛው በአንድ ማይክሮግራም ዲኤንኤ ቢሊዮን ይሰጣል፣ ያኛው ሚሊዮን ብቻ፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ይበልጣል ይባላል። ከዚያ ማሽን ይፈለጋል፣ ማሽኑ አይገኝም፣ ሥራው ይቆማል። አንድ ፕላዝሚድ (ከክሮሞዞሙ የተለየ ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) አስገብቶ ለማባዛት ግን አንድ ትክክለኛ ኮሎኒ ይበቃል። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ከአዋጆቹ በቀር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከገባ በኋላ የት ይኖራል?

ወደ ባክቴሪያ የገባ ባዕድ ዲኤንኤ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይደርስበታል።

አንደኛው መቆራረጥ ነው። ብዙ ባክቴሪያዎች የራሳቸውን ዲኤንኤ በኬሚካል ምልክት ያደርጉበታል፤ ምልክቱ የሌለውን ደግሞ በሪስትሪክሽን ኢንዛይም ይቆርጡታል። ዛሬ ጂን ለማስተካከል የምንጠቀምበት ክሪስፐርም መነሻው እንዲህ ያለ መከላከያ ነው። ባክቴሪያው ቀድሞ ያጠቃውን ቫይረስ ቁራጭ ጂኖሙ (ጠቅላላ ዲኤንኤው) ውስጥ ያስቀምጣል፣ ቫይረሱ ሲመለስ ለይቶ ይቆርጠዋል፤ ይህ በ2007 በሙከራ ታይቷል። ከዱር የለያችሁት ባክቴሪያ "አልቀበልም" ካላችሁ ብዙ ጊዜ በሩ ተዘግቶ አይደለም። ዲኤንኤው ገብቶ ውስጥ እየተቆረጠ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ለብቻ መኖር ነው። ዲኤንኤው ክብ ፕላዝሚድ ከሆነና ባክቴሪያው የሚያውቀው የመባዣ መነሻ ካለው፣ ከክሮሞዞሙ ተለይቶ እየተባዛ ይቀጥላል። ውጤቱን በማግስቱ ታያላችሁ። ግን ፕላዝሚዱን የያዘውን ሴል ብቻ ለማስቀረት የምትጨምሩትን አንቲባዮቲክ ስታነሱለት፣ ፕላዝሚዱን መሸከም ለሴሉ ሸክም ስለሆነ፣ ከትውልድ ትውልድ እየሳሳ ሊጠፋ ይችላል። ማሳ ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ አንቲባዮቲክ የሚጨምርለት የለም።

ሦስተኛው ክሮሞዞም ውስጥ መግባት ነው። ሬክኤ የሚባለው ፕሮቲን የገባውን ክር ይይዝና ከክሮሞዞሙ ተመሳሳይ ቦታ ጋር ያገጣጥመዋል፤ ከዚያ ልውውጥ ይደረጋል። ተመሳሳይነቱ በቀነሰ ቁጥር ልውውጡ በጣም በፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ከቅርብ ዘመድ የመጣ ዲኤንኤ በቀላሉ ቦታ ያገኛል። ከሩቅ የመጣው ግን ትራንስፖዞን (ከቦታ ቦታ የሚዘል የዲኤንኤ ቁራጭ) ወይም ኢንተግሬዝ የሚባል ኢንዛይም ካላገዘው ይቸገራል።

የባክቴሪያ ጂኖም ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው በእነዚህ መንገዶች ነው። ላብ ውስጥ የምናሳድገው የኢ. ኮላይ ኬ-12 ክሮሞዞም ወደ 4.6 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ነው። ሰውን በከባድ ተቅማጥ የሚያሳምመው ዘመዱ ኦ157 ግን ወደ 5.5 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ከትርፉ ብዙው ከውጭ የገባ ነው፣ በተለይ ጂኖሙ ውስጥ ገብተው የቀሩ ቫይረሶች። በ2002 ሦስት የኢ. ኮላይ ዓይነቶች ጎን ለጎን ሲነጻጸሩ፣ ሦስቱም የሚጋሩት ፕሮቲን ከጠቅላላው 39 ከመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዝርያው አንድ ነው፣ ስሙም አንድ ነው፣ የጂን ጓዙ ግን እንዲህ ይለያያል።

ጂኑ ገባ ማለት ሠራ ማለት እንዳልሆነም ያዙልኝ። ኢ. ኮላይና ሳልሞኔላ ኤች-ኤንኤስ የሚባል ፕሮቲን አላቸው። ኤ እና ቲ የሚባሉት ፊደሎች የበዙበትን ዲኤንኤ፣ ብዙ ጊዜ ባዕዱን ማለት ነው፣ ተጣብቆበት ጂኖቹን ዝም ያሰኛቸዋል። ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ) ላይ ባንዱ ጥርት ብሎ እየታየ ፕሮቲኑ ከጠፋባችሁ ይህንንም ጠርጥሩ።

ካልሲየም ክሎራይድና ሂት ሾክ

ባክቴሪያችሁ ኢ. ኮላይ ከሆነና የምትፈልጉት ፕላዝሚድ ማስገባት ብቻ ከሆነ ምርጫችሁ ይኼ ነው። ሌላ አትፈልጉ።

ኢ. ኮላይ በላብ በተለመደው አስተዳደግ ከውጭ ዲኤንኤ ወስዶ አያስገባም። በ1970 ማንደልና ሂጋ ካልሲየም ክሎራይድ ሲጨመርለት የፋጅ (ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ) ዲኤንኤ እንደሚቀበል አሳዩ። በ1972 ደግሞ እነ ስታንሊ ኮኸን በዚሁ መንገድ ፕላዝሚድ አስገቡ። እስካሁንም በዓለም ላይ ያሉ ላቦች በየቀኑ የሚሠሩት ከዚያ የተወለደውን ነው።

አሠራሩ ብዙ ዕቃ አይፈልግም። ባክቴሪያው ገና በፍጥነት እያደገ ሳለ፣ በስፔክትሮፎቶሜትር 600 ናኖሜትር ላይ ንባቡ ከ0.3 እስከ 0.4 ሲሆን፣ በረዶ ላይ ታቀዘቅዙታላችሁ። በሴንትሪፊዩጅ ታወርዱትና በቀዝቃዛ 0.1 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ትበጠብጡታላችሁ፣ በረዶ ላይ ይቆያል፣ እንደገና ታወርዱታላችሁ፣ በትንሽ መጠን ካልሲየም ክሎራይድ ትበጠብጡታላችሁ። ዲኤንኤ ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት በረዶ ላይ። ከዚያ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ውስጥ ከ45 እስከ 90 ሴኮንድ፣ ቶሎ ወደ በረዶ፣ ከዚያ ያለ አንቲባዮቲክ ምግብ ሰጥታችሁ 37 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት። መጨረሻ ላይ አንቲባዮቲክ ያለበት ፕሌት (የምግብ ሳህን) ላይ ትዘሩታላችሁ። የምትጠብቁት በማይክሮግራም ከመቶ ሺህ እስከ አሥር ሚሊዮን ኮሎኒ ነው፤ ጥሩ እጅ ካላችሁ ከዚያም ያልፋል።

ከከተማው ዳር ለምንሠራ ሰዎች ይህን ዘዴ የምመርጥበት ዋናው ምክንያት መብራት ነው። ገዝታችሁ ያመጣችሁት ኮምፒተንት ሴል (ዲኤንኤ ለመቀበል የተዘጋጀ ሴል) ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ መቀመጥ አለበት። መብራት ሄዶ አንዴ ከቀለጠ መልሶ ማቀዝቀዝ አያድነውም። በካልሲየም ክሎራይድ ራሳችሁ የሠራችሁት ግን ያን ማቀዝቀዣ ሳይፈልግ የዚያኑ ቀን ይሠራል። እንዲያውም በዚያው ውህድ ውስጥ በረዶ ላይ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሲያድር የመቀበል አቅሙ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ነው መድከም የሚጀምረው። ሐሙስ ከሰዓት ሠርታችሁ ዓርብ ጠዋት ተጠቀሙበት። ለ42 ዲግሪውም የሞቀና የቀዘቀዘ ውሃ በተሸፈነ ዕቃ ቀላቅላችሁ ቴርሞሜትር ብትይዙ ለአንድ ደቂቃ በቂ ነው፣ ዋተር ባዝ የግድ አይደለም።

ሁለት ጥንቃቄ። አምፒሲሊን ተጠቅማችሁ ፕሌቱን ከ18 ሰዓት በላይ ኢንኩቤተር ውስጥ ካስቀመጣችሁ፣ በትክክለኛው ኮሎኒ ዙሪያ ጥቃቅን ኮሎኒዎች ይፈላሉ። ፕላዝሚድ የላቸውም፤ ትልቁ ኮሎኒ አንቲባዮቲኩን ስላጠፋላቸው ያደጉ ናቸው። እነሱን አትልቀሙ። ካናማይሲን ከሆነ ደግሞ ያቺን የአንድ ሰዓት ማገገሚያ አትዝለሉ፣ ሴሉ የመቋቋሚያውን ፕሮቲን ሠርቶ መጠበቅ አለበት።

ስለ ከፍታም ልናገር፣ በውጭ አገር መመሪያ ላይ አይጻፍምና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ነው፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ወይም 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን ዕቃ) 121 ዲግሪ እንዲደርስ በባሕር ወለል መለኪያው 15 ፒኤስአይ ያነባል። እዚህ ግን የውጭው አየር ግፊት ስለሚያንስ ለዚያው ሙቀት ከ18 ከግማሽ ገደማ ማንበብ አለበት። ሙቀቱን ራሱ የሚለካ ማሽን ካላችሁ ችግር የለም። በግፊት መለኪያ ብቻ የምትሠሩ፣ በተለይ በትልቅ ፕሬዠር ኩከር የምታመክኑ ግን፣ 15 ላይ ካቆማችሁት ሙቀቱ 121 አልደረሰም። ያኔ ፕሌታችሁ ላይ የበቀለው ኮሎኒ ሁሉ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ግፊቱን ከመጨመራችሁ በፊት ዕቃው የሚችለውን መጠን እዩ፤ የማይችል ከሆነ ጊዜውን አርዝሙ።

ኤሌክትሮፖሬሽን

ኃይለኛ ዘዴ ነው። ሴሎቹን በቀዝቃዛ ውሃና በ10 ከመቶ ግሊሰሮል ደጋግማችሁ ታጥባላችሁ፣ በቀጭን ኩቬት ውስጥ ለጥቂት ሚሊሴኮንዶች ከፍተኛ ቮልቴጅ ትለቁባቸዋላችሁ፤ ለኢ. ኮላይ በአንድ ሚሊሜትር ኩቬት 1.8 ኪሎቮልት ገደማ የተለመደ ነው። ሽፋናቸው ለቅጽበት ይበሳና ዲኤንኤው ይገባል። በ1988 የወጣ ሥራ በማይክሮግራም እስከ አሥር ቢሊዮን ኮሎኒ አግኝቷል።

መቼ ይመረጣል? ከአፈር ወይም ከውሃ የተሰበሰበ የብዙ ሺህ ጂኖች ላይብረሪ (እያንዳንዱ ቁራጭ በየሴሉ የተቀመጠበት ስብስብ) ስትሠሩ፣ ዲኤንኤው በጣም ትንሽ ወይም በጣም ትልቅ ሲሆን፣ ወይም ባክቴሪያው በካልሲየም እምቢ ሲል። ከዚህ ውጭ ከሆናችሁ ማሽን ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ። ጨው ደግሞ ጠላቱ ነው። ከላይጌሽን (የዲኤንኤ ቁራጮችን ከማጣበቅ) የወጣውን ዲኤንኤ ሳታጸዱ ከጨመራችሁ ኩቬቱ ውስጥ ብልጭታ ይነሳና ናሙናው ያልቃል። ኩቬቱም ርካሽ አይደለም።

በተፈጥሮ የሚወስዱት

ወደምወደው ክፍል ደረስን። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ማንም ሳያስገድዳቸው ዲኤንኤን ከአካባቢያቸው ይወስዳሉ። የዘር ውርስን የሚሸከመው ነገር ምን እንደሆነ የታወቀው በእነሱ ነው። በ1928 ፍሬድሪክ ግሪፊዝ ለንደን ውስጥ በሙቀት የተገደለ አደገኛ የሳንባ ምች ባክቴሪያ ጉዳት ከማያደርስ ሕያው ዓይነት ጋር ቀላቅሎ አይጦችን ወጋ። አይጦቹ ሞቱ፣ ከሬሳቸውም ሕያው አደገኛ ባክቴሪያ ተገኘ። ያ የተሸጋገረው ነገር ምን እንደሆነ በ1944 ኤቨሪ፣ ማክሊዮድና ማካርቲ ኒው ዮርክ ላይ አሳዩ። ዲኤንኤ ነው።

አገባቡ ድንቅ ነው። ብዙዎቹ ፒለስ የሚባል ቀጭን ክር ወደ ውጭ ይሰዳሉ፣ ክሩ ዲኤንኤን ይይዝና ይመለሳል። በ2018 ተመራማሪዎች የኮሌራ ባክቴሪያ ይህን ሲያደርግ በማይክሮስኮፕ ቀርጸውታል። ዲኤንኤው ሽፋኑ ላይ ሲደርስ ከሁለቱ ክሮች አንዱ ይፈርሳል፣ አንዱ ብቻ ኮምኢሲ በሚባል ቀዳዳ ይገባል። ውስጥ ፕሮቲኖች ይቀበሉትና ለሬክኤ ያስረክቡታል።

ይህች የነጠላ ክር ጉዳይ ዘዴ ለመምረጥ ወሳኝ ናት። ነጠላ ሆኖ የገባ ዲኤንኤ ክሮሞዞም ውስጥ ለመግባት እጅግ ይመቻል። ፕላዝሚድ ለመሆን ግን መልሶ ክብና ድርብ መሆን ስላለበት ይቸገራል። ለዚህ ነው ባሲለስ ሰብቲሊስ የዘመዱን ክሮሞዞም ዲኤንኤ በደስታ ተቀብሎ ነጠላ ኮፒ ፕላዝሚድ ሲሰጡት የሚያስቸግረው፤ ኮፒዎቹ ተቀጣጥለው የረዘሙ ሲሆኑ ይሻለዋል። ስለዚህ መድረሻችሁ ክሮሞዞም ከሆነ ይህን ምረጡ። ፕላዝሚድ ከሆነ ተዉት።

ሁሉም የሚወስዱት በአንድ ሁኔታ አይደለም። ባሲለስ ሰብቲሊስ ምግብ ሲያጥረው፣ ያውም ከሴሎቹ የተወሰኑት ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ከመቶ። የሳንባ ምች ባክቴሪያ በ17 አሚኖ አሲድ ምልክት እርስ በርስ ይጠራራል፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ሁሉም ይከፈታሉ፣ ያልተከፈቱትን ወንድሞቻቸውን ገድለው ዲኤንኤያቸውን እስከ መውሰድ ይደርሳሉ። ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ በራሱ ጂኖም ውስጥ ከ1,400 ጊዜ በላይ የሚደጋገም የዘጠኝ ፊደል ምልክት ያለበትን ዲኤንኤ ይመርጣል፤ በዚህ የዘመዱን ከባዕዱ ይለያል ማለት ነው። የኮሌራው ባክቴሪያ ደግሞ ካይቲን ላይ፣ ማለትም የሸርጣንና የመሰሎቹ ቅርፊት ላይ፣ ሲያርፍ ነው የሚከፈተው፤ ይህ የታወቀው በ2005 ነው።

ለክፍል ማሳያ ከሁሉም የማስበልጠው የባሲለስ ሰብቲሊስ 168 ሙከራ ነው። ይህ ዓይነት አንድ ጂኑ የተበላሸ ስለሆነ ትሪፕቶፋን ራሱ መሥራት አይችልም። ትሪፕቶፋን ከሚሠራ ዘመዱ ዲኤንኤ አውጥታችሁ ስትሰጡት የተበላሸችውን ጂን ይተካል፣ ትሪፕቶፋን በሌለበት ፕሌት ላይም ይበቅላል። አንቲባዮቲክ የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም፣ በረዶ የለም፣ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያም አትፈጥሩም። ተማሪው ደግሞ የጂኖምን መለወጥ በዓይኑ ያያል፣ አንድ ቦታ ላይ፣ በልውውጥ። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላብ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አሲኔቶባክተር ቤይሊ ኤዲፒ 1 የሚባለውንም ማግኘት ከቻላችሁ ከዚህም ይቀላል፤ በማደግ ላይ ሳለ ዲኤንኤ ጨምሮ መጠበቅ ብቻ ነው።

ይህ መንገድ በሰው ጤና ላይ ያለውን ጉልበት ለማየት ወደ ሳንባ ምች ባክቴሪያው ተመለሱ። በ2011 ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ 240 ናሙናዎች፣ ሁሉም የአንድ ዘር ሐረግ፣ ጂኖማቸው ተነበበ። በዚያ አንድ ሐረግ ውስጥ ከ700 በላይ የዲኤንኤ ልውውጦች ተገኙ። ከእነዚህ 10ሩ የውጭ ልባሱን ዓይነት የቀየሩ ነበሩ። ልባሱ ደግሞ ክትባቱ የሚያነጣጥርበት ነው። አገራችን በዚያው በ2011 ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው የሳንባ ምች ክትባት አሥር የልባስ ዓይነቶችን የሚሸፍነው ነበር። ፔኒሲሊንን የተላመዱት የሳንባ ምች ባክቴሪያዎችም መላመዱን ያገኙት በአብዛኛው እንዲሁ ነው፤ ጉሮሮ ውስጥ አብረዋቸው ከሚኖሩ ዘመዶቻቸው የጂን ቁራጭ እየወሰዱ ጂኖቻቸውን እንደ ድሪቶ ከቁርጥራጭ የተጣፉ አደረጓቸው። ስለዚህ ስለ ጂኖም ለውጥ የምትጽፉ ተማሪዎች፣ ትራንስፎርሜሽንን (ራቁቱን ያለ ዲኤንኤ መውሰድን) የላብ ዘዴ ብቻ አድርጋችሁ አትለፉት።

ኮንጁጌሽን

ከዱር ለተለየ ባክቴሪያ፣ በተለይ ለአፈር ባክቴሪያ፣ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ሌደርበርግና ቴተም በ1946 ባክቴሪያዎች ተገናኝተው ጂን እንደሚለዋወጡ አሳዩ። ሰጪው ከተቀባዩ ጋር ይያያዛል፣ አንድ ክር ያሻግራል፣ ሁለቱም ጋ ክሩ ይሟላል። ተቀባዩን ኮምፒተንት ማድረግ አያስፈልግም። ዲኤንኤው ነጠላ ክር ሆኖ ስለሚገባም ከሪስትሪክሽን ኢንዛይም የማምለጥ ዕድሉ ይሻላል። ትልቅ ነገርም ይሻገራል፤ ኤፍ ፕላዝሚድ ብቻውን ወደ መቶ ሺህ ፊደል ነው።

ሽምብራና ባቄላ ላይ ናይትሮጅን የሚያስሩ ራይዞቢየሞችን የምታጠኑ ሰዎች ይህን ምረጡ። ሰጪ አድርጋችሁ ኤስ 17-1 የሚባለውን ኢ. ኮላይ ውሰዱ። የማሻገሪያ ጂኖቹ ክሮሞዞሙ ውስጥ ስለሆኑ ፕላዝሚዳችሁን ያሻግራል፣ ፕላዝሚዱ ግን ከተቀባዩ ወደ ሌላ በራሱ አይቀጥልም። ለደኅንነት ትልቅ ነገር ነው። ሰጪውን ከፕሌቱ ለማስወገድም መላ አለ፤ ኤስ 17-1 ፕሮሊን ራሱ መሥራት ስለማይችል ፕሮሊን የሌለበት ምግብ ላይ አይበቅልም፣ ራይዞቢየሙ ግን ይበቅላል።

እዚህም መድረሻው ይወስናል። ፕላዝሚዱ ራይዞቢየም ውስጥ የሚባዛ መነሻ ካለው ለብቻው ይኖራል። ኢ. ኮላይ ውስጥ ብቻ የሚባዛ ከሆነ ግን ምርጫ የለውም፣ ወይ ክሮሞዞም ውስጥ ይገባል ወይ ይጠፋል። ጂን መስበር ወይም ማሳ ድረስ የሚቆይ ምልክት ማስቀመጥ ስትፈልጉ ይህን ሁለተኛውን ያዙ።

ተፈጥሮ ይህንን በትልቁ ትሠራዋለች። ኒው ዚላንድ ውስጥ ሎተስ የሚባል የመኖ ተክል በአንድ የሜዞራይዞቢየም ዓይነት ታክሞ ተዘራ። ከሰባት ዓመት በኋላ ሥሩ ላይ ካሉት እብጠቶች ሌሎች ብዙ ዓይነቶች ተገኙ። ሁሉም አንድ ነገር ይዘዋል፤ ከተዘራው ባክቴሪያ የተሻገረ፣ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ፊደል የሚረዝም የጂን ደሴት፣ ክሮሞዞማቸው ላይ አንድ የታወቀ ቦታ ገብቶ። ከተክል ጋር መኖር የማይችሉ የነበሩ የአፈር ባክቴሪያዎች በአንድ ዝውውር ቻሉ። የሽምብራ ባክቴሪያዎችም ሜዞራይዞቢየሞች ናቸው። ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ዘር የሚታከምበትን ባክቴሪያ ይዛችሁ የምትወጡ፣ ከዓመታት በኋላ የምታገኙት ባክቴሪያ የዘራችሁት ራሱ ነው ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ክሮሞዞሙንና ደሴቱን ለየብቻ እዩ።

ትንሹና ትልቁ አቃቂ የከተማውን ፍሳሽ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፣ በመንገዳቸው አትክልት ይጠጣባቸዋል። የሰው አንጀት ባክቴሪያ፣ የእንስሳው፣ የአፈሩ፣ የመድኃኒት ቅሪት፣ ሁሉም አንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ለኮንጁጌሽን የተመቸ ነው። ይህን መከታተል አስፈላጊ ሥራ ነው። ግን ከወንዙ የለያችሁትን ባክቴሪያ ተቀባይ አድርጋችሁ አዲስ የመድኃኒት መላመድ ጂን አታስገቡበት። ጥያቄያችሁ ፕላዝሚዱ ይሻገራል ወይ ከሆነ፣ ተቀባዩ ጉዳት የማያደርሰው የላብ ኢ. ኮላይ ይሁን፣ ሥራውም ተገቢው የደኅንነት ካቢኔት ባለበት ላብ ይሁን።

በፋጅ

ትራንስዳክሽን በ1952 ዚንደርና ሌደርበርግ ሳልሞኔላ ላይ ያገኙት ነው፤ ቫይረሱ በስሕተት የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ጠቅልሎ ለሌላው ያደርሳል። ፒ1 የሚባለው ፋጅ እስከ መቶ ሺህ ፊደል ገደማ ይይዛል። የምመክረው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ አንድ ኢ. ኮላይ ኬ-12 ላይ ያለን ለውጥ ወደ ሌላ ኬ-12 ማዛወር። ለዚያ ወደር የለውም፣ ዕቃውም ቀላል ነው፦ ፋጁ እንዲጣበቅ ካልሲየም፣ እንዲቆም ሶዲየም ሲትሬት። ለሌላ ባክቴሪያ የራሱን ፋጅ መፈለግ ስላለባችሁ ተዉት። በጂኖም ላይ ያለውን ጉልበት ግን አትናቁ፤ የኮሌራ መርዝ ጂን ራሱ በፋጅ የመጣ መሆኑ በ1996 ታውቋል።

ታዲያ እንዴት ልወስን?

ኢ. ኮላይና ፕላዝሚድ ከሆነ ካልሲየም። ላይብረሪ ከሆነ ኤሌክትሮፖሬሽን፣ ማሽኑ ያለው ተቋም ድረስ ሄዳችሁም ቢሆን። ክሮሞዞም መለወጥና ለክፍል ማሳየት ከሆነ ባሲለስ 168። ራይዞቢየምና መሰሎቹ ከሆኑ ኮንጁጌሽን። ሁለት መንገድ እኩል ከመሰላችሁ መብራት ሲሄድ የማይበላሸውን ምረጡ።

ከመጀመራችሁ በፊት ፈቃዱን ጨርሱ። ባዕድ ጂን ያስገባችሁበት ባክቴሪያ በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው 896/2007 ሥር ይወድቃል። ተቋማችሁ ውስጥ ይህን የሚከታተል ኮሚቴ ወይም ኃላፊ ካለ ዕቅዱን በጽሑፍ አቅርቡለት፤ ከለውጡ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ። ያገለገለ ፕሌትና ፈሳሽ ሁሉ ከመጣሉ በፊት ይመከን፣ ከላይ ባልኩት የከፍታ ግፊት።

እና ኮንትሮል። ሁልጊዜ ዲኤንኤ ያልተጨመረበት አንድ ቱቦ ይኑራችሁ፤ እዚያ ኮሎኒ ከበቀለ አንቲባዮቲካችሁ ሞቷል ወይም ብክለት አለ። ሴሎቹ ያለ አንቲባዮቲክ መብቀላቸውንም እዩ፣ የሞቱ ሴሎች ላይ ማንም አይፈርድም። የዱር ናሙና ይዛችሁ ጂኑ በየትኛው መንገድ እንደተሻገረ ካላወቃችሁ ደግሞ እነዚህ ሦስት ቱቦዎች ይለዩላችኋል። በአንዱ ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤን የሚቆራርጥ ኢንዛይም) ጨምሩ፤ ዝውውሩ ከቆመ ራቁቱን የነበረ ዲኤንኤ ነው፣ ኤቨሪም በዚሁ ኢንዛይም ነው ያረጋገጠው። በሁለተኛው የሰጪውን ፈሳሽ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፉና ዲኤንኤዝ ጨምራችሁ ለተቀባዩ ስጡ፤ አሁንም ከተሻገረ ፋጅን ጠርጥሩ። በሦስተኛው ሁለቱን ሴሎች ከነሕይወታቸው ዲኤንኤዝ ባለበት ቀላቅሉ፤ እዚህ ብቻ ከሆነ የተሻገረው፣ ኮንጁጌሽን ነው።